ሲሚንቶ ውሃ ሲጠጣ

ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ገላጭ ድርሰት

የሚከተለው ምንባብ የአንድን ነገር አሠራርና ምክንያት የሚያብራራ ገላጭ ድርሰት ነው። በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ደግሞ ጸሐፊው አንዱን ነገር ለማስረዳት ሌላውን እንዴት በምሳሌነት እንዳመጣ አስተውሉ።

ምንባብ

በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በሞያሌና በማርሳቢት መካከል በተዘረጋው ደረቅ ሜዳ ላይ ዋልዳ የምትባል አነስተኛ መንደር ትገኛለች። ሀገሩ የቦረናዎች ሀገር ነው። ሰማዩ ሰፊ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ዝናቡ ግን ስስታም ነው። ቦረናዎች በቋንቋቸው ‹‹ገና›› የሚሉት ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ‹‹ሐጋያ›› የሚሉት ትንሹ ዝናብ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይጠበቃል። ይጠበቃል እንጂ ሁልጊዜ ይመጣል አይባልም። ሁለቱም ሳይመጡ የቀሩባቸው ዓመታት በሽማግሌዎች ዘንድ በስም ይታወሳሉ።

ኢትዮጵያውያን ይህችን መንደር የሚያውቋት በሌላ ምክንያት ነው። በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ፣ ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ የገቡ ብዙ ስደተኞች በዋልዳ በተቋቋመ መጠለያ ሠፍረው ነበር። ጥቂት ቆይቶ መጠለያው ተዘግቶ ስደተኞቹ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ወደሚገኘው ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ለጥቂት አርብቶ አደሮች እንኳ የማይበቃ ውሃ ባለበት ሥፍራ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ማስፈር ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

እንዲህ ባለ ሀገር የውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት የሕይወት ጉዳይ ነው። በቆርቆሮ የተከደነ የ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 1,000 ሊትር ያህል ውሃ ይሰጣል። ይህንን የሚቀበል ጋን ከሌለ ግን ውሃው ለግማሽ ቀን ጭቃ ሆኖ ይቆይና ፀሐይ ትወስደዋለች። ስለዚህ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከብረት ጋን መገንባት በደረቁ ሀገር ሁሉ የተለመደ ሆኗል። የጥንቶቹ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶችም፣ ከብቱ የሚጠጣባቸው ገንዳዎች ቀድሞ ከጭቃ ይበጁ የነበሩት፣ ዛሬ በብዙ ቦታ በሲሚንቶ ተለስነው ይታያሉ።

ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ የሚሠራ ግንበኛ፣ ውሃ በሞላበት ሀገር ያለ ባልንጀራው የማያውቀው አንድ ጭንቅ አለበት። ሲሚንቶ ለመጠንከር ውሃ ይጠይቃል። ሰዉና ከብቱም ያንኑ ውሃ ይጠይቃሉ። ሴቶች በጀሪካን ከሩቅ ያመጡትን ውሃ፣ ሕፃናት ቆመው እያዩ፣ በግድግዳ ላይ ማፍሰስ በሰው ዓይን የሚያስወቅስ ሥራ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ ውሃው ለሰው ይተውና ግድግዳው ይጠማል። ጋኑ ከውጭ ሲታይ ያማረ ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ይሞላል፤ ከዚያም ከጎኑ በፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ማንባት ይጀምራል። ለግድግዳው የተነፈገው ጥቂት ጀሪካን ውሃ በኋላ በሺህ ሊትር ተቆጥሮ ወደ መሬት ይሰርጋል።

የዚህን ምክንያት ለማወቅ ሲሚንቶ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር አብረው ተፈጭተው፣ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከተቃጠሉ በኋላ፣ ጥቂት ጄሶ ተጨምሮበት እንደገና እስኪልም ሲፈጭ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ‹‹ፖርትላንድ›› በሚባል ስም የሚታወቀውን ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1824 በባለቤትነት ያስመዘገበው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ ነበር። ስሙንም ያወጣለት ሲጠነክር ፖርትላንድ ከሚባለው ሥፍራ የሚወጣውን የግንባታ ድንጋይ ይመስላል በማለት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ተቋቋመ፤ የሙገሩ ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀመረ። ከሲሚንቶ በፊት የነበረው ማያያዣ ኖራ ነበር፤ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩት የጎንደር ግንቦች የቆሙት በኖራ ነው።

በአማርኛ ‹‹ሲሚንቶው ደረቀ›› የሚል አነጋገር አለ። አነጋገሩ የተለመደ ቢሆንም ያሳስታል። ጭቃ ይደርቃል፤ ልብስ ይደርቃል፤ ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውሃን ከራሱ ጋር በማዋሐድ ነው። እያንዳንዷ የሲሚንቶ ቅንጣት ውሃ ስታገኝ ከላይዋ ጀምራ ትለወጣለች፤ ጥቃቅን መርፌና ቅጠል የሚመስሉ ብልጭታዎችን ታበቅላለች፤ የአንዷ ቅንጣት ብቃይ ከሌላዋ ጋር ተጠላልፎ አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። በዚህም ጊዜ ሙቀት ይወጣል። አዲስ በተሞላ ወፍራም ኮንክሪት ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ይህን ሙቀት ያውቀዋል። ውሃው በመካከል ካለቀ ግን ሥራው ባለበት ይቆማል። ያን ጊዜ ኮንክሪቱ በእርግጥ ‹‹ደረቀ›› ማለት ይቻላል፤ ይህም የሚያስደስት ሳይሆን የሚያሳዝን ነገር ነው። ስለዚህ ግንበኞች ራሳቸው ‹‹ሲሚንቶውን ውሃ ማጠጣት›› የሚሉት አባባል ከ‹‹ማድረቅ›› ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሥራውን እስከ ፍጻሜ ለማድረስ 20 ሊትር ያህል ውሃ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን፣ ይበቃዋል። ግንበኛ ግን ለአካፋውና ለካዙላው እንዲቀለው ሲል ሊጡን ማቅጠን ይወዳል። ትርፉ ውሃ በኋላ ሲተን የነበረበትን ሥፍራ ባዶ ቀዳዳ አድርጎ ይሄዳል፤ ጋኑም ላብ እንደሚያልበው ሰው ከየቀዳዳው ይንጠባጠባል። እንግዲህ ነገሩ እርስ በርሱ የሚጻረር ይመስላል፦ ሲቦካ ውሃው ማነስ አለበት፤ ቅርጹን ይዞ ከቆመ በኋላ ደግሞ ውሃው እንዳይጎድልበት መጠበቅ አለበት። ያልተማረው ግንበኛ በብዛት የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሲያቦካ ያበዛል፤ ካቆመ በኋላ ይረሳዋል።

ሊጡ ከተሞላ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው። በሚገባ ውሃ የጠጣ ኮንክሪት በ7 ቀን ውስጥ፣ በ28ኛው ቀን ከሚኖረው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያገኛል። መሐንዲሶችም የኮንክሪትን ጥንካሬ የሚለኩት በዚሁ በ28ኛው ቀን ነው። ምንም ውሃ ሳይጠጣ በደረቅ አየር የተተወ ኮንክሪት ግን ሊያገኝ ይገባው ከነበረው ጥንካሬ እስከ ግማሽ ድረስ ሊያጣ ይችላል። በዋልዳ ሜዳ ላይ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ተባብረው የላዩን ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይልሱታል። ላዩ ሲኮማተር ውስጡ አይኮማተርምና ስንጥቅ ይፈጠራል።

ብልህ ግንበኛ በዚህ ጊዜ ውሃ ከማብዛት ይልቅ ውሃ እንዳይሰረቅ ይጠብቃል። ሊጡን የሚሞላው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ወደ ማታ ነው። ግድግዳውን በጆንያ ይሸፍንና ጆንያውን ያርሰዋል፤ በጆንያው ላይ ፕላስቲክ ደርቦ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ይጫነዋል። እንዲህ የተሸፈነ ግድግዳ ጠዋት አንድ ጀሪካን፣ ማታ አንድ ጀሪካን ቢያገኝ፣ በ7 ቀን ውስጥ የሚጠጣው 280 ሊትር ነው። ያለ ሽፋን ቢሆን ኖሮ በቀን አምስት ጊዜ ቢረጭም እንኳ ይህን ያህል ባልረባው ነበር። የጋኑ ወለል ከተሞላ በኋላ ደግሞ ዙሪያውን ትንሽ የአሸዋ ክትር አድርጎ በላዩ ጣት የሚያህል ውሃ ማቆር ይቻላል። ይህ ዘዴ እጅግ የቀለለ ስለሆነ ይመስላል ብዙ ሰው የሚንቀው።

ጋኑ ጠነከረ፤ አልተሰነጠቀም፤ ሞላም እንበል። ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ችግር ይመጣል። ከአዲስ ጋን የተቀዳ የመጀመሪያ ውሃ ምላስ ላይ ይመራል፤ በጣት መካከል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሻይ ሲፈላበትም መልኩን ይለውጣል። ሰዎች ‹‹ውሃው ተመርዟል›› ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገሩ ግን መርዝ አይደለም፤ ኖራ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ከሚወልዳቸው ነገሮች አንዱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በተለምዶ አጠራር የተገደለ ኖራ ነው። ከ1 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ እስከ ሩብ ኪሎ የሚደርስ ኖራ ይወጣል። ይህ ኖራ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው እየሟሟ የውሃውን አልካሊነት ከፍ ያደርገዋል።

የአልካሊነትና የአሲድነት መለኪያ ፒኤች ይባላል። ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ለመጠጥ የሚመረጠው ውሃ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው መካከል ይገኛል፤ በአዲስ ኮንክሪት ቀዳዳ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከ12.5 በላይ ይደርሳል። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ነገር ግን በፒኤች መለኪያ እያንዳንዱ እርምጃ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ከ8.5 እስከ 12.5 ያለው ልዩነት አራት ሳይሆን አሥር ሺህ እጥፍ ነው። ለዚህ ነው እርጥብ ሲሚንቶ ሲያቦኩ የዋሉ እጆች ማታ ላይ ተሰነጣጥቀው የሚቃጠሉት። በዓይን ውስጥ ከገባ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ መታጠብ ይገባል።

ስለዚህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ጠንቅቀው የሚያውቁት፣ የሚገርም ቢሆንም፣ ጋን ሠሪዎች ሳይሆኑ የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። ለሕዝብ የሚታይ የመጀመሪያው የዓሣ ቤት በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ እ.ኤ.አ. በ1853 ከተከፈተ ጀምሮ፣ የባሕር ፍጥረትን ከባሕር ውጭ አቆይቶ ማኖር ከባድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው አንድ ቀላል ዘዴ ጽፎ አሳወቀ። ይኸውም ከኮራል ክምር የወጣ፣ ባክቴሪያና ጥቃቅን ነፍሳት የሰፈሩበትን ድንጋይ በገንዳው ውስጥ ማኖር ነው። ዓሣው የሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣውን መልሶ ይገድለዋል። በድንጋዩ ቀዳዳ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ስለዚህ ይህ ድንጋይ ‹‹ሕያው ድንጋይ›› ተባለ።

ዘዴው ሲስፋፋ ድንጋዩን ከባሕር መንቀል የብዙ አገሮች ንግድ ሆነ። ኮራል ግን ማሽላ አይደለም፤ ዘንድሮ ቢታጨድ ለከርሞ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከመጠን በላይ ጨምሮ በምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ፣ የኬንያን ጠረፍ ጨምሮ፣ እጅግ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞተ። በልዩ ልዩ አገሮች ድንጋይ መንቀል ሲከለከል፣ ሲወደድም፣ ዓሣ አርቢዎች ድንጋዩን ከሲሚንቶ በቤታቸው ማበጀት ጀመሩ። የታሪክን ግልባጭ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ የሚያስተውለው ነገር አለ። በምፅዋና በላሙ የሚገኙት አሮጌ ቤቶች፣ በሞምባሳም እ.ኤ.አ. ከ1593 ጀምሮ የተሠራው የኢየሱስ ምሽግ፣ የተገነቡት ከኮራል ድንጋይ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ኖራውም የሚገኘው ኮራል ተቃጥሎ ነበር። የቀድሞ ሰዎች ኮራልን አቃጥለው ኖራ ያወጡ ነበር፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ከተቃጠለ ኖራ ኮራልን የሚተካ ድንጋይ ያበጃሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ የተሰባበረ ዛጎልና ሻካራ የኖራ ድንጋይ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። በዚያ ላይ ሻካራ ጨው ይጨመራል። ውሃው ጥቂት ብቻ ነው፤ ሊጡ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጽ መያዝ እንጂ መፍሰስ የለበትም። ከዚያም በእርጥብ አሸዋ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሊጡ እዚያ ውስጥ ይጣላል፤ በጣትም ይበሳሳል። ድንጋዩ ከጠነከረ በኋላ ጨው በውሃ እየሟሟ ይወጣና ለባክቴሪያ መኖሪያ የሚሆን ቀዳዳ ይተዋል። እዚህ ላይ የጋን ሠሪው መንገድና የዓሣ አርቢው መንገድ ይለያያሉ። ለዓሣ አርቢው ቀዳዳ በረከት ሲሆን ለጋን ሠሪው መርገም ነው። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ብረት ያለበት ኮንክሪት ውስጥ የገባ ጨው ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ያበጠው ብረትም ግድግዳውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለሆነም ጋን ሠሪ ጨዋማ ውሃና ከጨዋማ መሬት የተዛቀ አሸዋ እንዳይጠቀም በብርቱ መጠንቀቅ አለበት። ይህ ምክር ከማርሳቢት በስተምዕራብ ከሚገኘው ጨዋማ የጨልቢ በረሃ ብዙ ሳይርቁ ለሚሠሩ ሰዎች ትርፍ ነገር አይደለም።

ድንጋዩ በእርጥብ ጆንያና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከአንድ ሳምንት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በኋላ በበርሜል ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ውሃውም በየጊዜው ይለወጣል። ለመለወጡ ምክንያት አለው። 1 ሊትር ውሃ ሊሸከም የሚችለው ኖራ 1.7 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ውሃው ስለሚጠግብ፣ ድንጋዩ በዚያው ውሃ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ምንም ተጨማሪ ኖራ አይለቅም። ስለዚህ በአንድ ውሃ ብዙ ቀን ከመንከር ይልቅ ውሃውን እየደጋገሙ መለወጥ ይበልጣል። ኖራ ከስኳርና ከጨው የሚለይበት ሌላም ጠባይ አለው፤ በሙቅ ውሃ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ይሟሟል። በፍል ውሃ ቶሎ አጥበዋለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ድካሙ ከንቱ ነው።

ኖራውን ሁሉ አጥቦ መጨረስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከ1 ኪሎ ሲሚንቶ የሚወጣውን ኖራ ብቻ ለማሟሟት 150 ሊትር ያህል ውሃ ይጠይቃል። የሚታጠበው ከላይ ያለው ነው። በተጨማሪም ከአየር ወደ ውሃው የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የላዩን ኖራ ወደማይሟሟ ነጭ ቅርፊት፣ ማለትም ወደ ኖራ ድንጋይ፣ ይመልሰዋል። ይህ ቅርፊት እንደ ክዳን ሆኖ የውስጡን ኖራ ያፍናል። በዚህ ዓይነት ኖራው በእሳት ተቃጥሎ ያጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ ወስዶ ወደ ቀድሞ ድንጋይነቱ ይመለሳል። አንዳንዶች ለማፍጠን ሲሉ ድንጋዩን በኮምጣጤ ይነክሩታል። ኮምጣጤ አሲድ እንደመሆኑ ኖራውን ያጠፋዋል፤ ነገር ግን ሲሚንቶውንም አብሮ ይበላዋልና ድንጋዩ እየፈረፈረ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ማብቃቱ የሚታወቀው በቀን ቆጠራ ሳይሆን በፈተና ነው። ድንጋዩ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ ውሃው ሳይለወጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያም ይለካል። ፒኤቹ ከ8.5 በላይ ካልወጣ ድንጋዩ ደርሷል፤ የባሕር ውሃ ራሱ 8.1 ያህል ነውና። ከወጣ ግን ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ትዕግሥት ያጣ ሰው ድንጋዩን ቶሎ ወደ ገንዳው ቢያስገባው ውሃው ከ9 አልፎ ይወጣል፤ ዓሦቹም ጉንጫቸው ተቃጥሎ ወደ ላይ እየወጡ አየር ይፈልጋሉ፤ ፒኤቹ 11 ሲደርስ ብዙዎቹ ያልቃሉ። ይህንን መሣሪያ ሳይኖር በግምት ለማወቅም ይቻላል። ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ የሚወጣው ወይን ጠጅ ቀለም በጥሩ ውሃ ላይ ሲጨመር ብዙ አይለወጥም፤ የኖራ ውሃ ሲያገኝ ግን ወደ አረንጓዴ፣ ሲበረታም ወደ ቢጫ ይለወጣል።

የሲሚንቶ ድንጋይ ከመስተዋት ገንዳ አልፎ ወደ ባሕሩም ገብቷል። በኬንያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በሺሞኒና በዋሲኒ ደሴት አካባቢ፣ የተጎዳው ኮራል እንዲያገግም ከሲሚንቶና ከድንጋይ የተሠሩ መቆሚያዎች በባሕር ወለል ላይ ተቀምጠው የኮራል ችግኝ ይተከልባቸዋል። ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ ኖራው ወዲያው ይበተናል፤ ሆኖም በመቆሚያው ገጽ ላይ የሚያርፈው ሽል የሚነካው ያንን ገጽ እንጂ ሰፊውን ባሕር አይደለም። በዚህ ረገድ ከሁሉ የቀደሙት ሮማውያን ናቸው። ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር እያደባለቁ በባሕር ውስጥ ወደብ ይገነቡ ነበር፤ ንጉሥ ሄሮድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ በቂሣርያ ላሠራው ወደብ አመዱ በመርከብ ከጣሊያን ተጭኖ መጥቷል። አመዱ ነፃውን ኖራ እየያዘ ወደ ጠንካራ አካል ይለውጠዋል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይም በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር የሚደባለቀው ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ የሚጠጣበት ጊዜ መርዘም አለበት።

ወደ ዋልዳው ጋን እንመለስ። ዓሣ አርቢው በርሜሉን ስምንት ጊዜ ሊደፋ ይችላል፤ የዋልዳ ሰው ግን የሚደፋው ውሃ የለውም። ሙሉ ጋን ውሃ አጠራቅሞ ‹‹ይህ ለማጠብ ነውና ይፍሰስ›› ማለት በድርቅ ሀገር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ማጠቡ ጋኑ ሳይሞላ ይፈጸማል። ውስጡ በጠንካራ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ በጥቂት ጀሪካን ውሃ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እየታጠበ ከሥሩ ይቀዳል፤ አንድ ቀን ተኩል ያህል ቆይቶ ይደገማል። በሁለቱ መካከል የእርጥቡ ግድግዳ ገጽ አየር ያገኛል፤ ነጩ ቅርፊትም ይጀምረዋል። ከሥር የተቀዳው መራራ ውሃ ለሰውም ለከብትም አይሰጥም፤ ግን አይባክንም። ለሌላ ግንብ ሊጥ ማቡኪያ ይሆናል፤ ኖራ ለሲሚንቶ ባዕድ አይደለምና አይጎዳውም። የቀጣዩን ጋን ጆንያ ማርጠቢያም ይሆናል። በአንድ ግቢ ሁለት ጋኖች የሚሠሩ ከሆነ ስለዚህ ተከታትለው እንጂ በአንድ ጊዜ ባይሠሩ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ታጥቦ ሁለተኛውን ያጠጣዋል።

የጋኑ መጠንም ልዩነት ያመጣል። ትንሽ ጋን ከሚይዘው ውሃ አንጻር ሰፊ ግድግዳ አለው፤ ትልቅ ጋን ጠባብ አለው። ስለዚህ የ1,000 ሊትር ጋን ውሃ ከ50,000 ሊትር ጋን ውሃ ይልቅ ይመራል፤ ለረጅም ጊዜም ይታጠባል። ጋኑ ከሁሉም በፊት በሚመጣው ዝናብ ሲሞላ፣ የመጀመሪያው ውሃ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ቢውል፣ ለመጠጥ ደግሞ የቀድሞው ምንጭ ለጥቂት ሳምንታት ቢቀጥል መልካም ነው። ሥራው የሚጀመርበት ወቅትም በዚሁ ይወሰናል። ገና በመጋቢት የሚጀምር ከሆነ፣ ጋኑ በጥር አጋማሽ መቆም፣ በየካቲት መታጠብ አለበት፤ ጥር ግን ውሃ ፈጽሞ የሚታጣበት የበጋ ወር ነው። ከሐጋያ በኋላ፣ ኩሬዎች ገና ሳይደርቁ በታኅሣሥ መጀመሪያ የተጀመረ ሥራ የሚጠጣው ውሃ በቅርብ ያገኛል፤ እስከ መጋቢትም ሦስት ወር ይተርፈዋል። በዋልዳ ጋን የሚያሠራ ሽማግሌ ለግንበኛው ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት በየትኛው ወር እንደሚጀምር ቢጠይቀው ይበጃል።

አዳዲስ ቃላትና ሐረጎች

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳላቸው ከዐረፍተ ነገሩ በመነሣት ተናገሩ፦ ስስታም፣ ይሰርጋል፣ ማንባት፣ ክትር፣ ብቃይ፣ ይፈገፈጋል፣ የተገደለ ኖራ፣ ዳርና ዳር፣ የታሪክ ግልባጭ።

መልመጃ

በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ‹‹ሲሚንቶው ደረቀ›› የሚለው አነጋገር ስለምን ያሳስታል?

2. ለጋን ሠሪው የሚጎዳ ሆኖ ለዓሣ አርቢው የሚጠቅም ነገር ምንድን ነው? ሁለት ጥቀሱ፤ ምክንያቱንም አስረዱ።

3. ድንጋዩ የተነከረበት ውሃ መለወጥ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? በአንድ ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቢቆይ ምን ይሆናል?

4. 80 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ አንዳች ሳይባክን ስንት ጀሪካን ውሃ ይገኛል? አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል።

5. ‹‹ማንባት›› የሚለው ግሥ ለጋን፣ ‹‹መጥገብ›› የሚለው ለውሃ፣ ‹‹መጠማት›› የሚለው ለግድግዳ በምንባቡ ውስጥ ተነግሯል። ለግዑዝ ነገር የሰው ጠባይ የሰጡ ሌሎች ሁለት አነጋገሮችን ከምንባቡ ፈልጋችሁ ጻፉ።

6. በአካባቢያችሁ በሲሚንቶ የተሠራ ጋን፣ ገንዳ ወይም ድልድይ ካለ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ስንጥቅ፣ ነጭ ቅርፊት ወይም የዛገ ብረት ካያችሁ፣ መቼና እንዴት እንደተሠራ የሠሩትን ሰዎች ጠይቃችሁ፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።